ጥቁሩ ድንጋይ ማንጋኒዝ ነው? ከሆነስ ያዋጣል?

ጥቁርና ከባድ ድንጋይ በፌስታል ቋጥረው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ስንት በመቶ ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም። ማንጋኒዝ በአብዛኛው ብረታ ብረትን ለማጠንከር የሚገባ ማዕድን ነው፤ እንደ ወርቅ በግራም አይሸጥም። ዋጋውን የሚወስኑት የተኛበት አለት፣ የንጣፉ ውፍረትና ስፋት፣ አብረውት ያሉት ብረትና ፎስፈረስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከ ወደብ ያለው መንገድ ናቸው። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ከዩኒቨርሲቲ አዲስ ለወጡ የሥነ ምድር ምሩቃን፣ በአካባቢያቸው ጥቁር ድንጋይ ላዩ ሰዎችና ገንዘባቸውን ሊያፈሱ ለሚያስቡ ማኅበራት ነው። በተለይ ለመጨረሻዎቹ። ሰዎች የቤተሰባቸውን ቁጠባ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ተማምነው ሲያፈሱ ማየት ያንገበግበኛል፤ አብዛኛው ነገር በመዶሻ፣ በሚዛንና በብዕር ቀድሞ ሊታወቅ ይችላልና። ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩን ስበሩት

በረሃ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የቆየ ድንጋይ ብረትና ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ልባስ ይለብሳል። የአፋርን የባዛልት ሜዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። ልባሱ ከወረቀት ይቀጥናል። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ላይም የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጥቁር ሥዕል ይገኛል፤ ብዙዎች የጥንት ተክል አሻራ አድርገው ያዩታል። እሱም የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ ነገር ግን ቀለም እንጂ ማዕድን ብሎ የሚቆፍረው የለም። ስለዚህ ድንጋዩን ለሁለት ስበሩት። ውስጡ ጥቁር ካልሆነ እዚያው ተዉት።

ውስጡም ጥቁር ከሆነ ባልተለበጠ ሸክላ ላይ ፈትጉት፤ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጀርባ በቂ ነው። ቀይ ጭረት ከተወ ሄማታይት፣ ቢጫማ ቡናማ ከተወ ጎታይት ነው፤ ሁለቱም የብረት ማዕድኖች ናቸው። ጭረቱ ጥቁር ከሆነ ማግኔት አስጠጉለት። አጥብቆ ከሳበው ማግኔታይት ነው። ካልሳበው፣ ጣትን የሚያጠቁር ከሆነና ለመጠኑ ከከበደ፣ ፓይሮሉሳይት የተባለው የማንጋኒዝ ማዕድን ወይም ዘመዶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ከፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በዱቄቱ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ካለ በኃይል አረፋ ያወጣል። ይህ ፈተና መኖሩን እንጂ ብዛቱን አይነግራችሁም፤ ካርቦኔት የሆነውን ማንጋኒዝ ደግሞ ጨርሶ አይጠቁማችሁም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን በፍጹም አታፍሱበት፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ያየ ሰው በውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ያስታውሳል፤ እሱ በአብዛኛው ይኸው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው።

ስትፈጩ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሌላውንም አሸፍኑ። የማንጋኒዝ አቧራ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ አንጎልን ይጎዳል፤ አካሄድን ያሰናክላል፤ ፊትን ስሜት የማያሳይ ያደርጋል። ጉዳቱ በ1837 ስኮትላንድ ውስጥ ማዕድኑን ይፈጩ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ተመዝግቧል። ያኔ የተመዘገበውን ዛሬም ጥቁር አቧራ ውስጥ ቆመው ያለ መሸፈኛ ድንጋይ የሚሰብሩ ወጣቶች ሊያውቁት ይገባል።

ቀጥሎ ክብደቱን ለኩ። ድንጋዩን በአየር ላይ መዝኑት፤ ከዚያ በገመድ አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ መዝኑት። በአየር 1.2 ኪሎ፣ በውሃ ውስጥ 0.9 ኪሎ ከሆነ ልዩነቱ 0.3 ነው፤ 1.2 ለ0.3 ሲካፈል 4 ይሆናል፤ ይህ ጥግግቱ ነው። ንጹሕ ፓይሮሉሳይት ወደ 5 ይጠጋል፤ ተራ የኖራ ድንጋይ 2.7 አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር በማስታወሻችሁ ላይ አኑሩት፤ በኋላ ቶን ስታሰሉ ትፈልጉታላችሁ።

ንጣፉ ከየት መጣ?

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ማንጋኒዝ ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይጓዛል፤ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ሲያገኝ ይረጋል። ብረትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ብረት በጥቂት ኦክስጅን ቶሎ መርጋቱ ነው። ማንጋኒዝ የበለጠ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ርቆ ይሄዳል። ብረቱ በመንገድ ቀርቶ ማንጋኒዙ ለብቻው ሲደርስ ጥራት ያለው ክምችት ይፈጠራል። ዛሬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጥቁር ባሕር ነው፤ ጥልቁ ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው ማንጋኒዝ ሟሙቶበታል፤ ውሃው ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ ሲወጣ ማንጋኒዙ ሊረጋ ይችላል። በዚያው አካባቢ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ባሕር የዩክሬኑን የኒኮፖልንና የጆርጂያውን የቺያቱራን ንጣፎች ጥሎ አልፏል። ከሰሜን አውስትራሊያ ጠረፍ ማዶ ያለው የግሩት አይላንት ክምችትም ክሬቴሺየስ በተባለው የዳይኖሰሮች ዘመን በጥልቀት አልባ ባሕር ዳርቻ የተጣለ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ኬፕ፣ ሆታዜል በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ያለው የካላሃሪ መስክ ነው። ዕድሜው ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ የምድር አየር ኦክስጅን ማግኘት ከጀመረበት ዘመን ጋር ይያያዛል። በብረት ንጣፎች መካከል ሦስት የማንጋኒዝ ንጣፎች አሉ። በየብስ ላይ ከሚታወቀው የዓለም የማንጋኒዝ ሀብት ሰባ በመቶ ያህሉ በዚህች አገር ነው። አብዛኛው መስክ በአሸዋና በጠጠር ተቀብሯል፤ በገጽ የሚታየው በጣም ጥቂት ነው። ይህን ልብ በሉ፤ በላይ ላይ የሚታይ ድንጋይ ማነስ ክምችቱ ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ መብዛቱም ትልቅ ነው ማለት አይደለም።

በመስክ ላይ ሦስት ዓይነት አመጣጥ ለዩ። አንደኛው እንደነዚህ ከደለል አለት ጋር ተነባብሮ የተኛ ንጣፍ ነው። ከሸክላ፣ ከኖራ ድንጋይ ወይም ከብረት ንጣፍ ጋር እኩል ዘንበል ይላል፤ በየሸለቆው ግድግዳ እየተከተላችሁት መሄድ ትችላላችሁ። በብዛት ተስፋ የሚጣልበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ከእሳተ ገሞራና ከፍል ውሃ ጋር የመጣው ነው። የአገራችን ምሳሌ በሰሜን አፋር፣ በዳናኪል ዝቅተኛ ቦታ ያለው እንካፈላ ነው። እዚያ ብረት፣ ማንጋኒዝና ባሪየም ይዞ የወጣ ትኩስ ውሃ በቅርብ ዘመን ደለሎች ውስጥ ክምችቱን ጥሏል፤ በ1972 በታተመ ጥናት በዓለም የሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ ታውቋል። ስምጥ ሸለቆ ሲከፈትና ባሕር ሲወለድ ማዕድን እንዴት እንደሚከማች ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ በምድር ላይ ጥቂት ነው፤ አገራችን እንዲህ ያለ መማሪያ ቤት ስላላት እኮራለሁ። እንደ ነጋዴ ሲታይ ግን እንዲህ ያለው ክምችት በስንጥቆች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በአንድ ቦታ ወፍሮ በሚቀጥለው ይጠፋል። በአንድ ጉድጓድ አትርኩ። ላቦራቶሪው ባሪየምን ለይቶ እንዲለካም ንገሩት።

ሦስተኛው በዝናብና በሙቀት የበለጸገው ነው። ዝቅተኛ ደረጃ የነበረው የማንጋኒዝ ካርቦኔት በሞቃት እርጥብ አየር ሲበሰብስ የማይፈለገው ታጥቦ ይሄዳል፤ ኦክሳይዱ ይቀራል። የጋቦኑ ሞአንዳ እንዲህ ነው፤ በአምባዎቹ አናት ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚወፍር ንጣፍ ሆኖ በገጽ አቅራቢያ ስለተኛ ከ1962 ጀምሮ በርካሽ ይቆፈራል። ክፉ ጎኑ ከሥሩ ያለው ነው፤ ጥቂት ሜትር ስትወርዱ ጥራቱ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። የጋናው ንሱታ በ1916 ማምረት ሲጀምር ከላይ ያለውን ኦክሳይድ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው ከሥር ያለውን ካርቦኔት ነው። በምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር ውስጥ ጥቁር ጠጠር ያገኛችሁ ሰዎች ይህን አስታውሱ፤ ላይኛውን ሁለት ሜትር አይታችሁ ሃያ ሜትር አታባዙ።

ናሙና ስትወስዱ

የምርመራ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ቦይ አትቆፍሩ። በሕጋችን ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የመሬቱ ባለይዞታ መሆን ብቻውን አያስቆፍርም።

ፈቃዱ ካለ፣ ከንጣፉ ታች እስከ ላይ፣ ለአነባበሩ ቀጥ ባለ አቅጣጫ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ እኩል የሆነ ጠባብ ቦይ ፈልፍላችሁ የወጣውን ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። መካከል ላይ ሸክላ ካለ ሸክላውም ይግባ። ጥቁሩን ብቻ መርጦ መልቀም በጣም የተለመደ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ቁጥር ስለ ክምችቱ ሳይሆን ስለ መራጩ ዓይን ይናገራል። ከላይና ከታች ካለው አለት ለየብቻ ናሙና ውሰዱ። ቢያንስ አንዱን ናሙና ለሁለት ከፍላችሁ በተለያየ ስም ላኩ፤ ሁለቱ ውጤቶች ካልተቀራረቡ ወይ ላቦራቶሪው ወይ አፈጫጨታችሁ ችግር አለበት። የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ቀዳዳ ስለሚበዛው ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ እርጥበቱ ተለክቶ ውጤቱ በደረቅ ክብደት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

የላቦራቶሪውን ወረቀት ማንበብ

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ 60 በመቶ የሚል ብታዩ የምን 60 እንደሆነ ተመልከቱ። ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ከሆነ በ0.632 አባዙት፤ ንጹሑ ማንጋኒዝ 38 በመቶ ብቻ ይሆናል። በማንጋኒዝ ሞኖኦክሳይድ የተጻፈ ከሆነ በ0.7745 ይባዛል። የዓለም ገበያ የሚነጋገረው በንጹሕ ማንጋኒዝ ነው። ይህን ሆን ብለው የሚያደባልቁ ደላሎች አሉ፤ ሕዝብን በዚህ መንገድ መዝረፍ ለእኔ ከሌብነት አያንስም።

ቀጥሎ ብረቱን እዩ። ማዕድኑ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ብረቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ከምድጃው ወደሚወጣው የብረታ ብረት ቅልቅል ይገባል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። 78 በመቶ ማንጋኒዝ ያለው ፌሮማንጋኒዝ (የብረትና የማንጋኒዝ ቅልቅል) ለማግኘት የማንጋኒዙ መጠን የብረቱን 7 ከግማሽ እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። 44 በመቶ ማንጋኒዝና 4 በመቶ ብረት ያለው ድንጋይ ተፈላጊ ነው፤ 44 ማንጋኒዝና 15 ብረት ያለው ግን ሌላ ድንጋይ ነው፤ በቅይጥ ካልሆነ ለብቻው ለዚህ ሥራ አይበቃም። ፎስፈረስም እንደ ብረቱ ወደ ቅልቅሉ ይገባል፤ ብረታ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ 0.1 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ገዥው ፊቱን ማጥቆር ይጀምራል። ሲሊካ (በአሸዋ ውስጥ የሚበዛው) ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ ሲሊኮማንጋኒዝ (የማንጋኒዝ፣ የሲሊኮንና የብረት ቅልቅል) የሚያመርት ፋብሪካ ሲሊካ ያለበትን ይፈልገዋል።

መጠኑም ይቆጠራል። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ጓል ምድጃው እንዲተነፍስ ስለሚያደርግ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ ደቃቁ ረክሶ ይሸጣል ወይም እንዲጣበቅ ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል። ድንጋያችሁ ሲሰበር ምን ያህሉ ዱቄት እንደሚሆን በወንፊት ለኩ።

ቶኑንና ዋጋውን በአንድ ወረቀት ላይ

ንጣፉ 500 ሜትር ረዝሞ፣ 200 ሜትር ሰፍቶ፣ 1.5 ሜትር ቢወፍር 150,000 ሜትር ኩብ ነው፤ በ3.5 ጥግግት ስታባዙት 525,000 ቶን ይሆናል። ሲሰሙት ብዙ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ግን በዓመት ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ የማንጋኒዝ ድንጋይ ወደ ውጭ ትልካለች። የእናንተ ሙሉ ክምችት የእርሷ የጥቂት ቀናት ጭነት ነው።

የማንጋኒዝ ዋጋ የሚጠራው በዩኒት ነው፤ አንድ ዩኒት 10 ኪሎ ግራም ንጹሕ ማንጋኒዝ፣ ማለትም የደረቅ ቶን አንድ በመቶ ነው። ዩኒቱ 4.5 ዶላር ቢሆንና ማዕድናችሁ 42 በመቶ ቢይዝ፣ 42 በ4.5 ሲባዛ 189 ዶላር ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በቻይና ወደብ፣ በተለይም በቲያንጂን፣ መርከቡ ሲደርስ ያለው ዋጋ ነው። ከዚህ ላይ የመርከቡን፣ የጅቡቲ ወደብን፣ የከባድ መኪናውን፣ የቁፋሮውን፣ የሮያሊቲውን (ለመንግሥት የሚከፈለውን የማዕድን ድርሻ) ወጪ ቀንሱ። ካላሃሪ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር በባቡር ይጭናል፤ ሞአንዳ በባቡር እስከ ሊብረቪል ዳርቻ ይወርዳል። እናንተ በመኪና ከሆነ የምትጭኑት፣ ከማንኛውም ቁፋሮ በፊት ከሁለት የጭነት ማኅበራት የጽሑፍ ዋጋ ተቀበሉ። በብዙ ማስታወሻዎች ላይ የጎደለው ይህ አንድ ወረቀት ነው።

ዓለም ማንጋኒዝ ያልቅባት ይሆን?

አያልቅባትም። የዓለም ዓመታዊ ምርት በንጹሕ ማንጋኒዝ ሲቆጠር 20 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነው፤ የታወቀው ተቆፋሪ ክምችት ደግሞ 1.7 ቢሊዮን ቶን ያህል። ከምርቱ ከሲሶ በላይ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ጋቦንና አውስትራሊያ ይከተላሉ። ስለዚህ «ዓለም በማንጋኒዝ እጥረት ልትመታ ነው» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ተረጋጉ። የሚያጥረው በመሬት ውስጥ ያለው ድንጋይ ሳይሆን ጥራት ያለው ጓል፣ ባቡር፣ ወደብና ማጣሪያ ነው።

ማስረጃው በ2024 ታየ። በመጋቢት ወር ሜጋን የተባለ አውሎ ነፋስ የግሩት አይላንትን የመርከብ መጫኛ ሰበረው፤ ጭነቱ ከዓመት በላይ ተቋረጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ የ44 በመቶው ማዕድን ዋጋ በእጥፍ ገደማ ወጣ። ከዚያ ግን ሌሎች አምራቾች ክፍተቱን ሞሉ፤ የቻይና ምድጃዎችም ግዢያቸውን ቀነሱ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ዋጋው ተመልሶ ወረደ። በዚያ የከፍታ ጊዜ ዋጋ የንግድ ዕቅድ የሠራ ሰው ማሽኑ ከጉምሩክ ሳይወጣ ስሌቱ ፈርሶበታል። ዕቅዳችሁን በረጅም ዓመታት አማካይ ዋጋ ሥሩ፤ ከዚያም ከዋጋው ሲሶውን ቀንሳችሁ እንደገና ሞክሩት።

ፍላጎቱን በተመለከተ፣ ከማንጋኒዝ 90 በመቶ ያህሉ የሚሄደው ወደ ብረታ ብረት ነው። ኦክስጅንንና ሰልፈርን ያስወግዳል፤ ጥንካሬ ይሰጣል፤ የሚተካው አልተገኘም። በቤታችሁ አምድ ባለው የፌሮ ብረት ውስጥም ማንጋኒዝ አለ። ስለዚህ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ከሁሉ በላይ የቻይና የቤት ግንባታ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዜና ደስ ይላል፤ ማንጋኒዝ የሚጠቀሙ የባትሪ ዓይነቶችም እያደጉ ነው፤ ድርሻቸው ግን ገና ጥቂት በመቶ ነው። ባትሪው የሚፈልገው ደግሞ ድንጋይ ሳይሆን እጅግ የተጣራ የማንጋኒዝ ሰልፌት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚጣራው በቻይና ነው። አውሮፓና አሜሪካም ማንጋኒዝን በወሳኝ ማዕድናት ዝርዝራቸው አስገብተዋል።

ከፊታችን ሁለት ነገሮችን በዓይናችሁ ያዙ። ጋቦን ከጥር 1 ቀን 2029 ጀምሮ ጥሬ ማንጋኒዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እንደምታግድ በ2025 አስታውቃለች፤ ከተፈጸመ የጥሩው ማዕድን ገበያ በሙሉ ይናወጣል። ሌላው በሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል፣ ከ4,000 ሜትር በታች ያሉት ድቡልቡል የማንጋኒዝ ድንጋዮች ናቸው። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በ1870ዎቹ ካወጣቻቸው ወዲህ ሰው ይመኛቸዋል፤ በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያድጉ ናቸው። ቢወጡም በዋናነት የሚፈለጉት ለኒኬል፣ ለመዳብና ለኮባልት ነው፤ ማንጋኒዙ ተከትሎ ገበያ ይገባል። በእኔ እምነት ይህን ያህል በዝግታ የተሠራን ነገር በችኮላ መጥረግ ተገቢ አይደለም።

ትንሽ ክምችት ላላችሁ

ለቲያንጂን የማያዋጣ ድንጋይ ለአገር ውስጥ ሊያዋጣ ይችላል። ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው ፌሮ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሲሊኮማንጋኒዝ ይጠቀማሉ። አንድ ቶን ሲሊኮማንጋኒዝ ለማምረት 4,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ርካሽ ኃይል ያለው አገር ዕድል አለው፤ ህዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላ ይህ ጥያቄ ለእኛ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራው) ግን መግዛት ያስፈልጋል፤ ወጪውን አትርሱት። እንዲህ ላለው ምድጃ 30 በመቶ አካባቢ ማንጋኒዝ ያለው፣ ሲሊካው ከፍ ያለ ድንጋይ እንኳ በቅይጥ ሊገባ ይችላል፤ ፎስፈረሱ ዝቅ ካለ ማለት ነው።

ወደ ፋብሪካ ኃላፊ ስትሄዱ ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ። በአንድ ገጽ ላይ የቦታውን መጋጠሚያ (ጂፒኤስ)፣ የንጣፉን አማካይ ውፍረት፣ በደረቅ ክብደት የተለካውን ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ ፎስፈረስና ሲሊካ፣ የጓልና የደቃቁን ድርሻ፣ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ የሚያስወጣውን የጭነት ዋጋ፣ በየወሩ ሳታቋርጡ ልታቀርቡ የምትችሉትን ቶን ጻፉ። የምድጃ ሰው የመጨረሻውን ቁጥር አስቀድሞ ያነባል።